መንካት የተፈቀደበት ቤት፦ ስለ ኤክስፕሎራቶሪየምና ስለ ሠሩት ሰዎች

(በኦክላንድ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ተማሪዎች፣ የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የሌሊት ፈረቃ እየጠበቃችሁ መምጣታችሁን አውቃለሁና ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የጠሩኝ ብዙዎቻችሁ የምታነሡትን አንድ ጥያቄ እንድመልስ ነው፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን የት እንውሰዳቸው? የእኔ መልስ አንድ ቦታ ነው። በባርት ባቡር ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ዳር፣ ፒየር 15 ላይ የምናገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለው የሳይንስ ሙዚየም።

ንግግሬን በሦስት ከፍየዋለሁ። መጀመሪያ ይህን ቤት ያሰበው ሰው ማን እንደነበር እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ቤቱ በእነማን እጅ እንዴት እንደተሠራ፤ በመጨረሻም እኛ ወላጆች እዚያ ስንሄድ ምን ማድረግ፣ ምንስ አለማድረግ እንዳለብን። የመጀመሪያው ክፍል ይረዝማል፤ ሰውየውን ሳናውቅ ቤቱን ማወቅ አይቻልምና ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገር ቤቱን ስጠራ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት ግን ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በአገር ቤት፣ በአንድ የወረዳ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ነበረው። በላቦራቶሪው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ነበረ፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ሌንሶች፣ ፕሪዝሞች፣ ማግኔቶች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ከነማሸጊያቸው ተደርድረው ነበር። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ለማውጣት ሞዴል 22 ላይ መፈረም ያስፈልጋል፤ የፈረመ መምህር አንድ ፕሪዝም ቢሰበርበት ከደመወዙ ይቆረጣል። ልጅ ያለው፣ የቤት ኪራይ ያለበት መምህር እንዴት ብሎ ይፈርማል? እኔ ለመፈረም ብጠይቅ ደግሞ «ዕቃው ለቆጠራ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት» ተባልኩ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ይህ የአገር ቤቱ አቆጣጠር ነው፣ ፕላዝማ በየክፍሉ ገባ። ተማሪዎቼ ነጭ ብርሃን በፕሪዝም ውስጥ አልፎ ወደ ቀለማት ሲበተን በቴሌቪዥን ተመለከቱ። ያው ፕሪዝም በዚያው ሰዓት ከእነሱ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ተቆልፎበት ነበር። ልጆቹ ሰነፎች ነበሩ? አልነበሩም። ደደቦች ነበሩ? አልነበሩም። ያጡት አንድ ነገር ነው፤ የሚያምናቸው ሰው አጡ። ዕቃው ከልጁ በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ አሁን ወደ ሰውየው እንግባ።

ስሙ ፍራንክ ኦፔንሃይመር ይባላል። ብዙዎቻችሁ ታላቅ ወንድሙን ሮበርት ኦፔንሃይመርን ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ የተሠራበትን የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የመራው እሱ ነው። ፍራንክ በስምንት ዓመት ታናሹ ሲሆን በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ። እሱም የፊዚክስ ሰው ነበር፤ የዶክትሬት ዲግሪውን ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1939 አገኘ። በጦርነቱ ዘመን እዚሁ ጎረቤታችን በርክሌይ፣ ቀጥሎም በኦክ ሪጅ፣ ለቦምብ የሚሆነውን ዩራኒየም ከሌላው ዩራኒየም በመለየት ሥራ ላይ ተሰማራ፤ ኋላም ወደ ሎስ አላሞስ ሄደ። ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ይህ መሣሪያ በአንድ መንግሥት እጅ ብቻ እንዳይቀር፣ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲበጅለት ከሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ ብዙ ተከራከረ፤ ለተራው ሕዝብም ንግግር ያደርግ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ሳይንስ ምን ማድረግ እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ነገሩ ሳይገባው ውሳኔ እንደሚወሰንበትም ያየ ሰው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር ተመራማሪ ሆነ። ታዲያ በ1930ዎቹ መጨረሻ እሱና ባለቤቱ ጃኪ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በፊትም ትተውት ነበር። በ1947 አንድ ጋዜጣ ጉዳዩን ሲያወጣው ፍራንክ ካደ። ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብላችሁ ስላልፈለግሁ ነው። በ1949 ግን ፀረ አሜሪካዊ እንቅስቃሴዎችን የሚመረምረው የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አባልነቱን አመነ፤ የሌሎችን ስም ጥራ ሲባል ግን አልጠራም። ስለ ራሴ እናገራለሁ፣ ስለ ጓደኞቼ አልናገርም ብሎ ጸና። በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው ለቀቀ። ዕድሜው 36 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በአሜሪካ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሥራ አላገኘም። ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንዳይሠራም ፓስፖርት ተከለከለ።

እናንተ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ፣ የሰው ልጅ በሙያው እንዳይሠራ ሲደረግ ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የምታውቁ አላችሁ። በአገሩ መሐንዲስ የነበረ፣ በአገሯ ነርስ የነበረች፣ እዚህ መጥቶ ወረቀቱ አልታወቅ ያለው ስንቱ ነው? ፍራንክ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከአባቱ የወረሰውን የቫን ጎህ ሥዕል ሸጠና በኮሎራዶ ተራሮች፣ ፓጎሳ ስፕሪንግስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መሬት ገዝቶ ከብት አርቢ ሆነ። ጃኪም አብራው ከብት አረባች። ላም ማዋለድ፣ አጥር ማጠር፣ የተበላሸ ማሽን መጠገን ከጎረቤት ገበሬዎች ተማረ። ለአሥር ዓመት ያህል እንዲህ ኖረ።

በ1957 የዚያች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር አስፈለገው፤ ፍራንክ ገባ። በቦምቡ ሥራ ላይ የነበረው ፊዚሲስት ለገበሬ ልጆች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ይወርድ ነበር፤ ከተጣለ መኪናና ከተጣለ ማሽን ውስጥ ሞተሩን፣ ሽቦውን፣ ጥርሱን ፈትተው ያወጡና እንዴት እንደሚሠራ ይመረምሩ ነበር። እነዚያ ልጆች በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት የሳይንስ ውድድር ሽልማት አመጡ። እኔ መምህር ነኝና በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ዘመን ነው። ሙዚየሙ የተፀነሰው በሎስ አላሞስ አይደለም፤ በቆሻሻ መጣያው ነው። ቁልፍ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ቆጠራ የለም፤ ዕቃው ቢሰበርም ድሮም የተሰበረ ነው፣ ልጁ ግን እጁን ሰደደበት።

በ1959 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መልሶ ተቀበለው። እዚያም የፊዚክስ ተማሪዎች በፈለጉት ሰዓት ገብተው፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ የሚሞክሯቸውን ወደ መቶ የሚጠጉ የሙከራ ዕቃዎች አዘጋጀ። የሙከራ ቤተ መጻሕፍት ልትሉት ትችላላችሁ። በ1965 የጉገንሃይም የምርምር ድጋፍ አግኝቶ ወደ ለንደን ሲሄድ የአውሮፓን ሙዚየሞች ዞሮ ተመለከተ፦ የለንደኑን የሳይንስ ሙዚየም፣ የሙኒኩን የጀርመን ሙዚየም፣ የፓሪሱን የግኝቶች ቤተ መንግሥት። በፓሪስ ወጣት ተማሪዎች ጎብኚው ፊት ሙከራ እየሠሩ ሲያስረዱ አየ፤ ይህ ከአእምሮው አልጠፋም። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ብዙ ሙዚየሞች ያሉት የስሚዝሶኒያን ተቋም አንድ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያቅድለት ጠይቆት ነበር፤ ፍራንክ ግን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከባዶ መጀመርን መረጠ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ አለፍኩ፤ ቤቱ እንዴት ተሠራ፣ በማንስ እጅ?

በሳን ፍራንሲስኮ የጥበባት ቤተ መንግሥት የሚባለውን፣ ሙሽሮቻችን ፎቶ የሚነሡበትን፣ ኩሬ ያለውን ትልቅ ጉልላት ታውቁታላችሁ። በርናርድ ሜይቤክ የተባለው አርክቴክት ለ1915ቱ ዓለም አቀፍ ኤክስፖዚሽን የነደፈው ሕንጻ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተሠራ ስለነበር ፈራረሰና በ1960ዎቹ እንደገና ተገነባ። ከጉልላቱ ጀርባ ያለው ሰፊ አዳራሽ ባዶውን ቆሞ ነበር። ፍራንክና ጃኪ ያንን አዳራሽ ጠየቁ፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ፋውንዴሽን 50,000 ዶላር አገኙ፤ በ1969 በሩን ከፈቱት። ክቡር እንግዳ አልተጠራም፣ ሪባን አልተቆረጠም። አዳራሹ ገና አልሞላም ነበር፤ ሰው እየገባ ዕቃው ይሠራ ነበር፣ ዕቃው እየተሠራ ሰው ይገባ ነበር። ፍራንክ 57 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመግቢያ ክፍያ አልነበረም።

አንድ ነገር አስቡ። በ1949 መንግሥት «አንተ አትታመንም» ያለው ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማያውቃቸው ሕፃናት በር ከፍቶ «ያለውን ሁሉ ንኩ» አለ። እሱ በዚህ መንገድ ሲናገረው አላነበብኩም፤ የእኔ ግምት ነው። ነገር ግን ያ ቤት ከጥግ እስከ ጥግ በመተማመን የተሠራ ለመሆኑ እያንዳንዱ ዕቃ ይመሰክራል።

እንዴት? ብትሉኝ ወርክሾፑን ተመልከቱ። በሌላ ሙዚየም ዕቃ የሚሠራበትና የሚጠገንበት ክፍል ከምድር ቤት ተደብቆ ነው የሚገኘው። ፍራንክ ቶርኖውን፣ መበየጃውን፣ የእንጨት መጋዙን አውጥቶ ጎብኚው በሚያይበት ቦታ አኖረው፤ በአሁኑም ሕንጻ እንደዚያው ነው። የሚነካ ዕቃ ይሰበራል። ይሰበራል ብለው አስበው ነው የሚሠሩት። የላላውን ብሎን አጥብቀው፣ የተጣመመውን ላሜራ አቃንተው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ልጁ ደግሞ አዋቂ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ችግር ሲፈታ ያያል። ያ ራሱ ትምህርት ነው።

ጃኪን አትርሷት። ብዙ ሰው የፍራንክን ስም ብቻ ይጠራል። ከማሳያዎቹ አጠገብ ያለውን ጽሑፍና ሥዕላዊ መግለጫ የሚያዘጋጀውን ክፍል የመሠረተችው እሷ ናት፤ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1980 ድረስ፣ ሙዚየሙን ከባሏ ጋር ያቆመችው እሷ ናት። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ሊቅ ሪቻርድ ግሪጎሪም የሐሳብ አጋር ነበር፤ ዓይናችንና አእምሯችን ዓለምን እንዴት እንደሚያዩ ያጠና ነበርና፣ ሙዚየሙ ከማየት፣ ከመስማትና ከመዳሰስ እንዲጀምር ያደረገው ሐሳብ ከእሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በኋላም በብሪስቶል ከተማ የራሱን ተመሳሳይ ማዕከል መሠረተ። ሠዓሊዎችም አሉበት። ቦብ ሚለር የፀሐይ ጨረር ከጣሪያ ላይ ተቀብሎ በፕሪዝምና በመስታወት በትኖ በነጭ ሸራ ላይ የሚያፈስ ሥራ ሠራ፤ ጎብኚው በመሃሉ ሲያልፍ ቀለማቱ በገላው ላይ ይቀያየራሉ። የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰሩ ኦገስት ኮፖላ በ1971 ድቅድቅ ጨለማ የሆነ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ እየተዳኸ የሚታለፍ ጉልላት አበረከተ። ኔድ ካን ደግሞ ጉም እንደ አውሎ ነፋስ እንዲሽከረከር አድርጎ፣ ልጆች እጃቸውን ከተው ሲበትኑት መልሶ ራሱን የሚሠራ ዓምድ ሠርቷል። ፍራንክ ሠዓሊንና ሳይንቲስትን ለያይቶ አያይም ነበር፤ ሁለቱም አተኩረው የሚያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ያምን ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ግን ስለ አስረጂዎቹ ልንገራችሁ፤ ይህ ክፍል በተለይ ከኋላ ለተቀመጣችሁት ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በሙዚየሙ ውስጥ የምታገኟቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ከተለያየ ሰፈር፣ ከተለያየ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ለመቀጠር በሳይንስ አንደኛ መውጣት አያስፈልግም። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የላም ዓይን ስትከፍት ቆሜ አይቻለሁ። ዓይኑ ከቄራ የመጣ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን ያለውን ስብና ጡንቻ በመቀስ አጸዳች። ከዚያ ግልጹን ፊተኛ ሽፋን፣ ኮርኒያውን፣ በምላጭ ስትከፍተው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ሌንሱን በጣቷ አወጣችና ጋዜጣ ላይ አስቀመጠችው፤ ከሥሩ ያለው ፊደል ጎልቶ ታየ። «ይኸው፣ እኛም በዚህ ነው የምናየው» አለች። ቀጥላ ዝልግልጉን አስወግዳ በዓይኑ ጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናውን፣ ገለበጠችው፤ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተይዟል፤ ነርቩ ወደ አንጎል የሚወጣባት፣ ብርሃን የማናይባት ነጥብ ናት። ከሬቲናው ሥር ደግሞ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሌላ ሽፋን አለ። ያን ጊዜ አጠገቤ የቆሙ አንድ አረጋዊ የአገራችን ሰው «ታዲያ ከብት በሌሊት ባትሪ ስናበራበት ዓይኑ የሚያበራው በዚህ ነዋ!» አሉ። ልክ ነበሩ። የገባውን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው እሱ ነው፤ ሰው የለውም። ልጅቱ ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ሲተረጎምላት ደስ ብሏት ለተሰበሰበው ሰው ደግማ ተናገረችው። ዕድሜ ልካቸውን ከብት ሲያርዱ የኖሩ ሰው ያወቁትና ልጅቱ በመጽሐፍ ያወቀችው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኘ።

ፍራንክ ሙዚየም ገብቶ የወደቀ ሰው የለም ይል ነበር። በፈተና ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ሌላው መነገር ያለበት፣ እነዚህ ሰዎች ያወቁትን አለመሰሰታቸው ነው። ማሳያዎቻቸው እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልግ፣ በሥራው ላይም ምን እንዳስቸገራቸው በዝርዝር ጽፈው በሦስት ቅጽ አሳተሙ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ማሳያዎች አሉበት። በየአገሩ የተከፈቱ ሙዚየሞች ከዚያ እየቀዱ ሠሩ። ፍራንክ በየካቲት 1985 በ72 ዓመቱ አረፈ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በሚያዝያ 2013 ሙዚየሙ ከጥበባት ቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ፒየር 15 ተዛወረ፤ ጣሪያው በፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፣ ቤቱን የሚያሞቁትና የሚያቀዘቅዙት ደግሞ ከሥሩ ባለው የባሕር ውኃ እየታገዙ ነው።

ወደዚህ ስገባ አንዲት እናት «እኛስ አገር እንዲህ ያለ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሳይንስ ሙዚየም መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ተመርቋል፤ ለዕረፍት የምትሄዱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። እኔ ለማንኛውም የሳይንስ ሙዚየም የምመኘው ሁለት ነገር ነው፦ ጎብኚ የሚያየው ወርክሾፕና በልጅነታቸው አምኖ የሚቀጥራቸው አስረጂዎች። ሕንጻ ገንዘብ ካለ ይቆማል። የፕሪዝሙን ቁልፍ ለልጅ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ግን ከሕንጻው ይከብዳል።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው። ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ፣ እዚያ ስትገቡ ሁሉን ለማዳረስ አትሩጡ። ከ600 በላይ ማሳያዎች አሉ፤ ማንም በአንድ ቀን አይጨርሳቸውም። ልጁ አንዱ ጋር ግማሽ ሰዓት ከቆመ ተዉት ይቁም። ገንዘብ ከፍለናልና ቀጥል፣ ቀጥል አትበሉት። እባካችሁ መልሱን ቀድማችሁ አትንገሩት። «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና ይሞክር፤ ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ ይሞክር። እናንተም ንኩ። አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ እያየ ልጁ ብቻውን የሚሞክር ከሆነ ልጁ ይህ ነገር የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ያስባል። እናንተ የምታውቁት አለ፤ የእንጀራ ሊጥ ለምን እንደሚኮመጥጥ፣ ከብት በሌሊት ዓይኑ ለምን እንደሚያበራ፣ መኪና ለምን እንደማይነሣ፤ ንገሯቸው። በአማርኛ ንገሯቸው። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ዕቃው ቋንቋ አይጠይቅም። የቲኬቱ ዋጋ ለቤተሰብ ከበድ ይላልና ቅናሽ ያለበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሥራ አምስት ዓመት ያለፋችሁ ልጆች ደግሞ ለአስረጂነት ስለ መቀጠር ጠይቁ፤ አፍራችሁ እንዳትቀሩ።

ከእናንተ ጋር ለመሄድ ተነጋግረናል። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በኦክላንድ አሥራ ሁለተኛ ጎዳና ባርት ጣቢያ እንገናኝና ኢምባርካዴሮ ላይ ወርደን ባሕሩን በቀኝ ይዘን በእግር እንሄዳለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የልጆቻችሁን ዕድሜ ጭምር ጻፉልን። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከልጆቹ እንጀምር።